ሁለት ወር የጎደላቸው ሰው

 የተሰጠኝ ርእስ «ለምርጫ የሚወዳደሩ ሰዎች ለጡረተኛው ምን ሠርተዋል?» የሚል ነው። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን እዚህ አዳማ የሠራተኛ ክስ ስጽፍ በኖርኩባቸው ዓመታት ከልቤ ያልወጣ አንድ ጉዳይ ላንሳ።

የጡረታ ሕጋችን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኛውንና ወታደሩን አቀፈ። ከአብዮቱ በኋላ የተወረሱት ድርጅቶች ሠራተኞች ተጨመሩ። ወንጂ ላይ ለሆላንዶቹ ኩባንያ ሸንኮራ ሲፈጩ የኖሩ ሰዎች የመንግሥት ጡረተኛ ለመሆን የበቁት በዚህ መንገድ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን አዋጅ ቁጥር 715 ሐምሌ 1 ቀን 2003 ዓ.ም. እስኪጸና ድረስ 48 ዓመት ደጅ ጠና።

ያ ቀን ለብዙዎች የምሥራች ነበር። ለአንዳንዶች ግን አልነበረም።

አንድ ቀን አንድ አባት ጥቁር ፌስታል ይዘው ቢሮዬ መጡ። በዚሁ ከተማ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ 22 ዓመት ሠርተዋል። ከፌስታሉ የደመወዝ ወረቀቶቻቸውን እያወጡ በየዓመቱ ለይተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩልኝ። የአንዳንዱ ማኅተም ደብዝዞ አይነበብም፤ እሳቸው ግን ዓመቱን በቃላቸው ያውቁታል። ስልሳ ዓመት የሞላቸው በሚያዝያ 2013 መጨረሻ ነው። ፋብሪካው ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም የሠራተኞች የመጠባበቂያ ቁጠባ፣ ስላልነበረው ሕጉ አገልግሎታቸውን መቁጠር የጀመረው ከሐምሌ 2003 ነው። አብረን ደመርን፤ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር።

የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት አሥር ዓመት ያስፈልጋል። ሁለት ወር ጎደላቸው። የደረሳቸው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ብቻ ነው። «ልጄ፣ ከ2003 በፊት የሠራሁት ለማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የእሳቸው ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 1 ቀን 2003 ዓ.ም. 50 ዓመት ያለፈው፣ የሚያዛውረው ፕሮቪደንት ፈንድም ያልነበረው የግል ድርጅት ሠራተኛ እስከ 60 ዓመቱ ቢሠራም አሥር ዓመት ሊሞላለት አይችልም። ለሠራተኛው ተብሎ በወጣ ሕግ አንድ ሙሉ ትውልድ ከበር ተመለሰ።

በሩን ያለፈውስ? ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የመጨረሻው የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት መሥራት ያስፈልጋል። በ18 ዓመቱ ሥራ ይዞ አንድ ቀን ሳይፈታ እስከ 60 የዘለቀ ሰው ማለት ነው። እስቲ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከሰፈራችሁ ስንት ትቆጥራላችሁ? ሃያ አምስት ዓመት የሠራ 48.75 በመቶ ያገኛል፤ ገበያው ደግሞ አይጠብቀውም።

ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ ወደ ርእሴ ልግባ። ፈረንሳይ በ2023 እ.ኤ.አ. የጡረታ መውጫ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 ስታሳድግ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ማን እንደደገፈ፣ ማን እንደተቃወመ መራጩ ያውቃል። እኛ ዘንድ ግን አዋጅ 715ን ያጸደቀው ከ547 መቀመጫ 545ቱ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዘበት ምክር ቤት ነው። ይህን አዋጅ የተካው የ2014ቱ አዋጅ ቁጥር 1268ም አንድ ፓርቲ እጅግ በሚበዛበት ምክር ቤት ጸደቀ። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ በዚህ ገንዘብ ላይ እያንዳንዱ ተመራጭ ምን ብሎ እንደተከራከረ ግን ለመራጩ ጆሮ አይደርስም። ስለዚህ የተወዳዳሪዎቻችንን ታሪክ ልዘርዝር ብል የምዘረዝረው የፓርቲን ታሪክ እንጂ የሰውን አይደለም።

እንግዲህ ታሪኩን እኛው እናስጀምር። ድምፃችሁን ሊጠይቅ ለሚመጣ ሁሉ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ሁለት ጥያቄ አቅርቡለት። አበሉ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየስንት ጊዜው እንዲስተካከል ትታገላለህ? ከ2003 በፊት ለሠሩት ዓመታትስ ምን ይደረግ ትላለህ? መልሱን ከነስሙና ከነቀኑ ጽፋችሁ ያዙ። እኚያ አባት የ22 ዓመት ወረቀት በፌስታል ጠብቀው አቆይተዋል፤ እኛም የአንድ ተወዳዳሪን ቃል አምስት ዓመት ጠብቀን ማቆየት አያቅተንም።