መኪናቸው ቤታቸው የሆነ አረጋውያን

(ለማኅበሩ ደጋፊዎች በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ በዚህ በአሜሪካ አገር ቤታቸውን ትተው ወይም ቤት አጥተው በመኪና ውስጥ እየኖሩ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዘዋወሩ አረጋውያን ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለ ረኃብና ስለ ስደት መስማት ለለመድን ሰዎች ይህ ጉዳይ እንግዳ ሊመስለን ይችላል። “መኪና ያለው ሰው ደግሞ ምን ቸገረው?” የሚል ጥያቄም መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

በምዕራብ አሪዞና በረሃ ውስጥ ክዋርትዛይት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በበጋ ሙቀቱ ሰው ስለማያስቀምጥ ጥቂት ሺህ ነዋሪዎቿ ብቻ ይቀራሉ። በብርድ ወራት ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንግዳ በመኪና፣ በተጎታች ቤትና በትልልቅ አር ቪ ይጎርፍባታል። ከከተማዋ አጠገብ ላ ፖሳ በሚባለው የመንግሥት መሬት ላይ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ፣ ማለት ሰባት ወር ያህል፣ ለመቆየት ለብዙ ዓመታት ሲከፈል የኖረው 180 ዶላር ነው። ይህን ክፍያ ከወር የቤት ኪራያችሁ ጋር አስተያዩት።

እዚያ ከሚሰፍሩት ብዙዎቹ በሚኒሶታ ወይም በካናዳ ያለውን ቤታቸውን ቆልፈው ብርድ ሸሽተው የመጡ ጡረተኞች ናቸው። እነርሱ የእኛን እርዳታ አይሹም፤ ደስ ብሏቸው ይክረሙ። ዳሩ ግን ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ መስኮቱ በካርቶን የተሸፈነ አሮጌ ቫን ቆሞ ታያላችሁ። በውስጡ ፍራሽ፣ የቡታጋዝ ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካንና ለመጸዳጃ የሚሆን ባልዲ አለ። የዚያ ቫን ባለቤት ቆልፋ የመጣችው ቤት የላትም። እኔ የምናገረው ስለ እርሷ ነው።

“እርሷ” ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታ አበል የሚሰላው ሰውየው ብዙ ደመወዝ ያገኘባቸው 35 ዓመታት ተመርጠው ነው። 35 ዓመት ያልሠራ ሰው የጎደለው እያንዳንዱ ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባበታል። እንግዲህ ልጆች ስታሳድግ፣ የታመመች እናቷን ስታስታምም ዓመታት ያለፏት ሴት ድካሟ ሁሉ በመዝገቡ ላይ ዜሮ ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የአንድ ጡረተኛ አማካይ የወር አበል 1,976 ዶላር ያህል ነበር፤ ጡረታው ለማይበቃው ድኻ አረጋዊ መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ ደግሞ ለአንድ ሰው ከፍተኛው 967 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ በሎስ አንጀለስ ወይም በሲያትል ቤት ተከራይቶ መብላትም መታከምም እንደማይቻል እናንተው ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ በ2008 የቤት ዋጋ ሲወድቅና ባንኮች ሲናጉ ለእርጅና ያስቀመጡትን በአንድ ዓመት ያጡ ብዙዎች አሉ።

እኛ ሐበሾች ይህን ስንሰማ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው “ልጆቻቸው የት ሄዱ? ጧሪ የላቸውም ወይ?” የሚል ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ተጥሏል። ብዙዎቹ ግን ልጅ አላቸው፤ ልጁም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በሁለት ክፍል አፓርታማ ዕዳ እየከፈለ የሚኖር ነው። እናቲቱ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ጥቂት ወር ትተኛለች፤ ከዚያ በኋላ “ሸክም አልሆንም” ብላ ቁልፏን አንሥታ ትወጣለች። ይህን ኩራት ከአገራችን እናቶችም ስለምናውቀው ለመፍረድ ባንቸኩል ደግ ነው።

ስለእነዚህ ሰዎች በሰፊው የተሰማው ጄሲካ ብሩደር የተባለች ጋዜጠኛ በ2017 “ኖማድላንድ” የተሰኘ መጽሐፍ ስታወጣ ነው። ከመጽሐፉ የተሠራው ፊልምም በ2021 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በመጽሐፉ ውስጥ እንደሚታየው እነዚህ አረጋውያን ሥራ የሚጠሉ አይደሉም። አማዞን በ2008 በጀመረው ፕሮግራም ከገና በፊት ባሉት ወራት በመጋዘኖቹ ዕቃ እንዲለቅሙ በመኪና የሚኖሩ ሰዎችን ይቀጥር ነበር። በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ የስኳር ቀይ ሥር ሲሰበሰብ ይሠራሉ፤ በበጋ በየመናፈሻው የድንኳን ሰፈር ይጠብቃሉ፣ መጸዳጃ ቤት ያጸዳሉ። የሰባ ዓመት ሰው ለአሥር ሰዓት በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሞ ሲውል ጉልበቱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ራሳቸውን “ኖማድ” ብለው ይጠራሉ፤ በኩራት። በእኛ ቋንቋ “ዘላን” የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ስለቀረ ስሙን ለመተርጐም እንኳ እንቸገራለን። እነርሱ ግን ከ“ቤት አልባ” ይልቅ ይህን ስም መርጠዋል። ሰው በራሱ የመረጠውን ስም ብንተውለት ምን እንጎዳለን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ጊዜ የምናዝነው በብርዱና በጠባቡ አልጋ ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን መንዳት የማይቻልበት ቀን ነው። የዓይን ሞራ ሲጋርድ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ዳሌ ሲሰበር፣ ሌላው አረጋዊ መንጃ ፈቃዱን ያስረክብና ወደ ቤቱ ይገባል። ለእነዚህ ግን መኪናውና ቤቱ አንድ ስለሆኑ ሁለቱም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ከዚያም በፊት ቢሆን ሞተሩ ተበላሽቶ ጋራዥ የገባ ለት፣ ያቺ ሴት የት ታድራለች? ቆማ በተገኘችበት ቦታ ተቀጥታ መኪናው ተጎትቶ የተወሰደ ለት፣ አልጋዋም መድኃኒቷም የልደት ወረቀቷም አብረው ተጎትተዋል፤ ለማስለቀቅ የሚከፈለውም በየቀኑ ይጨምራል።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። የመንጃ ፈቃድ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ሜዲኬር፣ ሁሉም አድራሻ ይጠይቃል። ደቡብ ዳኮታ በግዛቷ አንድ ሌሊት ያደረ መንገደኛ የማደሪያውን ደረሰኝ አሳይቶ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ ትፈቅዳለች፤ ስለዚህ ብዙዎቹ በወረቀት የዚያ ነዋሪ ናቸው። ዳሩ ግን አድራሻው የፖስታ ሣጥን ነው። ለአረጋውያን በመንግሥት ድጎማ ለሚከራይ ቤት ተመዝግባ ዓመታት የጠበቀች ሴት ተራዋ ደርሶ ደብዳቤ ሲላክላት፣ ደብዳቤው ደቡብ ዳኮታ ተቀምጦ እርሷ አሪዞና ልትሆን ትችላለች። ቀኑ ካለፈ ተራው ያልፋል። ሜዲኬርም ቢሆን በግል ኢንሹራንስ በኩል ሲሆን በአብዛኛው ከአካባቢው ሐኪሞች ጋር የታሰረ ነው። ጥርስን በተመለከተማ ዋናው ሜዲኬር የተለመደውን የጥርስ ሕክምና ስለማይከፍል፣ በዩማ አጠገብ ድንበር ተሻግረው ሎስ አልጎዶኔስ ወደምትባል የሜክሲኮ ከተማ ይሄዳሉ፤ ከተማዋ በጥርስ ሐኪሞች የተሞላች ናት።

ሦስተኛው የሚቆሙበት ቦታ ነው። በብዙው የመንግሥት በረሃ ያለ ክፍያ መቆየት የሚቻለው 14 ቀን ነው። በከተማ ደግሞ ሌሊት መስኮት ሲንኳኳ መነሣት አለ። በመኪና ውስጥ መኖርን የሚከለክለውን የሎስ አንጀለስ ደንብ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 “ግልጽ አይደለም” ብሎ ሽሮት ነበር፤ ነገር ግን በሰኔ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኦሪገኗን የግራንትስ ፓስን ከተማ ጉዳይ አይቶ ከተሞች በአደባባይ የሚያድሩትን ሊቀጡ እንደሚችሉ ወስኗል። ከዚያ ወዲህ የሚያባርረው ደንብ እየበዛ ሲሄድ ሰዎቹ ከሐኪምና ከገበያ ወደ ራቀ ስፍራ ይገፋሉ። እዚያ አንድ አረጋዊ በሌሊት ማሞቂያ ለኩሶ መስኮት ዘግቶ ቢተኛ፣ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ቢገድለው፣ መጥፋቱን ማን ያውቃል? እድራችን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲቀር “ምን ሆነ?” ብሎ ይጠይቃል። በረሃው አይጠይቅም።

ዳሩ ግን መላ የተገኘላቸው ስፍራዎች አሉ። በካሊፎርኒያ በሳንታ ባርባራ ከተማ ከ2004 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኖችና ሌሎች ተቋማት የመኪና ማቆሚያቸውን ለሌሊት ይከፍታሉ፤ ሰዎቹ ተመዝግበው ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ያድራሉ፣ ቋሚ ቤት የሚፈልግላቸውም ሠራተኛ አለ። ጆና ኬይ ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት በ1978 የመሠረቱት የመንገደኞች ማኅበር ደግሞ በቴክሳስ በሊቪንግስተን ከተማ ለብቻው ሊመሰገን የሚገባው አንድ ሥራ አለው። መንዳት ያቃተው አባል አር ቪውን አምጥቶ እዚያ ያቆማል፤ በገዛ አልጋው እየተኛ ምግብ ያገኛል፣ ሐኪም ዘንድ ይወስዱታል፣ ሳይታይ ቢያረፍድ በሩን የሚያንኳኳ አለ። ከመኪናው አላስወጡትም፤ መኪናውን ብቻ አሳረፉለት። እኔ ካየኋቸው አሳቦች ሁሉ የሰዎቹን ክብር ከሁሉ ይበልጥ የጠበቀው ይህ ነው እላለሁ።

እኛስ? ልብስና ብርድ ልብስ ለመሰብሰብ የተነሣሣችሁ አላችሁ። ልባችሁን አከብራለሁ፤ ግን በቫን ውስጥ ለሦስተኛ ብርድ ልብስ ቦታ የለም። ጎማ፣ ባትሪ፣ የመርዘኛ ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ፣ የጥርስ ሒሳብ፣ እነዚህ ይሻላሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የምጠይቃችሁ ከሳምንቱ ስድስት ሌሊት ባዶውን የሚያድረውን የቤተ ክርስቲያናችሁን የመኪና ማቆሚያ ነው። ወደየቦታችሁ ስትመለሱ ሽማግሌዎቹን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ፤ የከተማው ደንብ በግቢያችን መኪና ውስጥ ማደርን ይፈቅዳል ወይ? የኢንሹራንሳችን ውልስ? መጸዳጃ ቤቱ ሌሊት ክፍት ቢሆን ቁልፉን የሚይዝ ማን ነው? መልሱን ጽፋችሁ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ላኩ፤ “አይቻልም” የሚል መልስም ቢሆን ከነምክንያቱ ላኩልን።