የአጋዘን ሸለቆና የእናቴ ጉልቻ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ሐርጌሳ ጋአን ሊባህ፣ የቀረበ ንግግር)



 አዘጋጅ ኮሚቴው «ካየኸው አገር አንዱን አጫውተን» ብሎ ይህን ዕድል ስለሰጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ርዕሴን ስነግራቸው ግን አንዳንዶቹ ደንገጥ ማለታቸውን አልሸሽጋችሁም። ርዕሴ በስኮትላንድ አንድ የዊስኪ ፋብሪካ ስለ መጎብኘቴ ነው። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ከተማ፣ ቡናና ብርዝ በቀረበበት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ስለ ዊስኪ ማውራት በጾም ቀን ስለ ክትፎ እንደ ማውራት ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን ለአንድ ሰው የምከፍለው ዕዳ አለብኝ፤ ዕዳውን የምከፍለው ደግሞ ይህን ታሪክ በመንገር ነውና እስክጨርስ ታገሡኝ።

የምንሰበሰብበት የዚህ ሰፈር ስም፣ ጋአን ሊባህ፣ በሶማሊኛ «የአንበሳ እጅ» ማለት ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ተራራም አለ። እኔ የጎበኘሁት ቦታ ደግሞ ግሌንፊዲች ይባላል፤ በስኮቶቹ ጥንታዊ ቋንቋ በጌሊክ «የአጋዘን ሸለቆ» ማለት ነው። ከአንበሳ እጅ ተነሥቼ አጋዘን ሸለቆ ደረስኩ እያልኩ ስቀልድ ሰንብቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ ወደ አበርዲን ሄጄ ነበር። ልጁ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን «ጋሼ፣ የአገሩን ትልቅ ሥራ ሳያዩማ አይመለሱም» ብሎ በባቡር ኪዝ እስከምትባል ከተማ ወሰደኝ፤ ከዚያ በመኪና ደፍታውን ገባን። አገሩ ደጋ ነው። ከኮረብታው ጭጋግ ይወርዳል፤ የገብስ ማሳው እስከ ዓይን ማድረሻ ተዘርግቷል፤ ብርዱ አጥንት ይነካል። ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ጣርማ በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ይህን ፋብሪካ ያቆመው ዊልያም ግራንት የሚባል ሰው ነው። ሃያ ዓመት ያህል በሌላ የዊስኪ ቤት ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ከሰባት ወንዶችና ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር ድንጋዩን ራሱ እያነሣ ግንባታውን ጀመረ። የመጀመሪያው ዊስኪ የወረደው በ1887 በፈረንጆቹ የገና ዕለት ነው። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው አሮጌ ድስቶችን ከሌላ ፋብሪካ ገዛ። የሸጠችለት ሴት ናት፤ ስሟንም ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ነበረች። ጉብኝቱን የጀመረችው ከገብሱ ነው። ገብሱ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይበቅላል፤ ማቆጥቆጥ ሲጀምር በሙቀት ይደርቃል። እኔ በልቤ «ብቅል!» አልኩ። ዛሬ ይህን ሥራ በአብዛኛው ማሽን ይሠራዋል፤ እዚያው አጠገብ ባለው ባልቬኒ ግን እስካሁን ሰዎች ወለል ላይ የተነጠፈውን ገብስ በአካፋ ያገላብጡታል። በድሮ ጊዜ ይህን ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ትከሻቸው ይጎብጥ ስለ ነበር ሕመሙን «የዝንጀሮ ትከሻ» ይሉት ነበር። እናቴ ጢስ ላይ ጎንበስ ብላ ስትውል የነበረው ወገቧ ትዝ አለኝ።

ቀጥሎ ብቅሉ ይፈጭና በሙቅ ውሃ ይታሻል፤ ጣፋጩ ውሃ ይጠለላል። አተላው ደግሞ ለከብት ይሄዳል። ልክ እንደ እኛ! የደብረ ብርሃን ላሞችና የስኮትላንድ ላሞች አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ ማለት ነው። ጣፋጩ ውሃ ከቤት ጣሪያ በሚያህሉ የእንጨት ገንዳዎች ውስጥ እርሾ ይገባበትና ይብላላል። ከገንዳው ክዳን ሥር አፍንጫዬን ሳቀርብ ያ የጥንስስ ሽታ ፊቴን መታኝ። ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። አስጎብኚዋ ጋዙ ነው ብላ አሰበች፤ እኔም ጋዙ ነው አልኩ።

ከዚያ ወደ መዳብ ድስቶቹ ገባን። ሆዳቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ረጅም ነው። የተብላላው መጠጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በአንገቱ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ የሚገኘው ደካማ ነው፤ በመቶ ከሃያ ትንሽ ከፍ ያለ አልኮል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ወደ ሁለተኛ ድስት ገብቶ እንደገና ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ሰባ በመቶ ይደርሳል። ወገኖቼ፣ ይህ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ተራ፣ ሁለተኛው ዳግም አይደለም? እናቴ የምታወጣው በማሰሮ ነበር፤ እንፋሎቱ የሚያልፈው በመቃ ነው፤ መጋጠሚያው በሊጥ ይመረጋል፤ መቀበያው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ መዳብና ሸክላ ነው እንጂ ጥበቡ አንድ ነው።

በሁለተኛው ድስት አጠገብ በናስና በመስታወት የተሠራ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን አለ። ባለሙያው ፈሳሹን የሚመረምረው በዚህ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ለመጠጥ አይሆንም፤ መጨረሻ የሚወርደውም አይሆንም፤ ሁለቱም ተመልሰው እንደገና ይፈላሉ። መሐሉ ብቻ ይወሰዳል፤ «ልቡ» ይሉታል። በድሮ ጊዜ የሳጥኑ ቁልፍ የሚቀመጠው በመንግሥት ግብር ሹም እጅ ነበር።

አስጎብኚዋ እዚህ ላይ ወደ እኛ ዞር አለችና «ከእናንተ መካከል ቤተሰቡ አልኮል ሲያወጣ ያየ አለ?» ብላ ጠየቀች። አንድ ጀርመናዊ ጎብኚ አያቱ ከፕለም ፍሬ ያወጡ እንደ ነበር በኩራት ተናገረ። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ አየ። እኔ ግን ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ። እናቴ አምስት ልጆች ያሳደገችው አረቄ አውጥታ ነው። ደብተራችን፣ ጫማችን፣ የእኔ የዩኒቨርሲቲ ብርድ ልብስ ሳይቀር ከዚያ ጉልቻ የወጣ ነው። እኔ ግን ተማሪ ቤት የወላጅ ሥራ ስጠየቅ «የቤት እመቤት» ብዬ እጽፍ ነበር። ልጆች «የአረቄ ሻጭ ልጅ» ብለው እንዳይሰድቡኝ ከእርሷ ጋር ገበያ አልሄድም ነበር። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳን አልተናገረችኝም። ያ ዝምታ ነው ስኮትላንድ ድረስ ተከትሎኝ የመጣው።

ወደ በርሜሎቹ ቤት ስንገባ ጨለማና ቀዝቃዛ ነበር። በስኮትላንድ ሕግ መሠረት ዊስኪ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ መቆየት፣ ከ40 በመቶም በታች አለመሆን አለበት። በዓመት ሁለት በመቶ ያህሉ በእንጨቱ በኩል ተንኖ ይጠፋል፤ እርሱን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በእናቴ ቤት መላእክት አልነበሩም፤ ድርሻውን የሚወስዱት ዱቤ የማይከፍሉ ጎረቤቶች ነበሩ።

በመጨረሻ ቅምሻው ሆነ። የ12፣ የ15ና የ18 ዓመት ዊስኪ በትናንሽ ብርጭቆዎች ቀረበልን። መጀመሪያ ይሸተታል፤ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በዝግታ ይቀመሳል። የመጀመሪያው እንደ ዕንቁ ፍሬ፣ ሁለተኛው እንደ ማር፣ ሦስተኛው እንደ ተጠበሰ ፖም ነገር ነው ተባልን። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ሦስቱንም ስቀምስ የሸተተኝ የቤታችን ጓዳ ነው። አስጎብኚዋ «እርስዎስ ምን አገኙበት?» ስትለኝ ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። «እናቴ ይህን ሥራ ትሠራ ነበር፤ በሸክላ ማሰሮ፣ ሁለት ጊዜ እያወጣች» አልኳት። ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ታዲያ እስካሁን እኔ ለምን አስረዳሁዎት? እርስዎ ሊያስረዱን ይገባ ነበር» አለች። ከዚያም ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። ስለ ጌሾው፣ ስለ መቃው፣ ከእሳት ላይ ጠብ አድርጋ ነበልባሉን አይታ ጥንካሬውን ስለመለየቷ ነገርኳት። በሕይወቴ ስለ እናቴ ሥራ በኩራት የተናገርኩት ያን ቀን ነው፤ እርሷ ግን ካረፈች ቆይታለች።

አሁን አሮጌ ድስቶቹን ለዊልያም ግራንት ስለ ሸጠችው ሴት ልንገራችሁ። ስሟ ኤልዛቤት ከሚንግ ነው። ካርዱ የሚባለውን ፋብሪካ ታስተዳድር የነበረች ባልቴት ናት። ከእርሷ በፊት ደግሞ አማቷ ሄለን ከሚንግ ነበረች። ሄለን ዊስኪ የምታወጣው ያለ ፈቃድ ነበር። የግብር ሹሞች በአካባቢው ማደሪያ ስላልነበራቸው የሚያርፉት በእርሷ ቤት ነው። ሹሞቹ ሲመጡ ዳቦ ጋጋሪ መስላ ትቀበላቸዋለች፤ እነርሱ ማዕድ ላይ ሳሉ ወጥታ ቀይ ባንዲራ ትሰቅላለች፤ ጎረቤቶቿም ምልክቱን አይተው ድስታቸውን ይደብቃሉ፤ ታሪኩ እንዲህ ተብሎ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1823 ሕጉ ተሻሽሎ ፈቃድ ማውጣት ሲቀል፣ በ1824 ቤቱ ፈቃድ አወጣ። ዛሬ ስኮቶቹ የእነዚህን ሴቶች ስም በኩራት ያነሣሉ። እኛ የደብረ ብርሃንን፣ የአርሲ ነጌሌን ሴቶች ስም ማን አነሣ?

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። ከወጣቶቻችን መካከል «ሄለን ከደበቀች እኛስ ከውጫሌ አንድ ጠርሙስ ብናሻግር ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። አለበት። የሄለን ጸብ ከግብር ሰብሳቢ ጋር ነበር። የዚህ አገር ሕግ የቆመው ግን በሕዝቡ እምነት ላይ ነው፤ ያስጠጋንን፣ ልጆቻችንን ያሳደገልንን ሕዝብ እምነት በሻንጣ ውስጥ ደብቀን አንረግጥም። ደግሞም አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ ቢገኝ የሚነሣው የእርሱ ስም አይደለም፤ «ሐበሻ» ነው የሚባለው። በማግስቱ ሥራ የምትፈልገው እህታችን፣ ቤት የሚከራየው ወንድማችን ዋጋውን ይከፍላሉ። ማኅበራችን ይህን ሁሉ ዓመት የገነባው ስም በአንድ ጠርሙስ መሰበር የለበትም።

መጠጥ ቤት እንደሚያፈርስም ከአረቄ ሻጭ ልጅ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እናቴ ልጆች ላሉት ሰው ከሦስተኛው መለኪያ በኋላ አትቀዳም ነበር። «የቀረውን ለሚስትህ ስጥ» ብላ ትመልሰዋለች። ገንዘቡን እየፈለገችው ነው የምትመልሰው።

ታዲያ የምንይዘው ምንድን ነው? ጠርሙሱን ሳይሆን ዕውቀቱን ነው። አረቄ የሚለው ቃላችን ከዓረብኛው «ላብ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ እንፋሎቱ እንደ ላብ ጠብ ስለሚል። አልኮል የሚለውም እናቶቻችን ዓይናቸውን ከሚኳሉበት ከኩል ጋር አንድ ሥር አለው። ይህን ጥበብ በጥንት ዘመን በመጽሐፍ ጽፈው ለዓለም ካስተላለፉት መካከል የእስልምናው ዓለም ሊቃውንት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ፤ እነርሱም ብዙውን የተጠቀሙበት ለጽጌረዳ ውሃና ለመድኃኒት ነው። ከሶማሌላንድ ተራሮች የሚለቀመው ዕጣንም ዘይቱ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ይፈላል፣ ይተናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንጠባጠባል። እናቴ እዚህ ብትወለድ ኖሮ የዕጣን ዘይት ታወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ማንም «የእገሌ ልጅ» ብሎ አይሰድበኝም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ለምኜ ላብቃ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ እናታችሁ፣ አያታችሁ በምን ሥራ እንዳሳደገቻችሁ ንገሯቸው። ጉልት የቸረቸረች፣ እንጀራ የሸጠች፣ እንጨት የተሸከመች፣ ጠላ የጠመቀች፣ ሽመና የፈተለች ብትሆን አትደብቁ። ሥራዋን፣ ዕቃዋን፣ አሠራሯን ጻፉት፤ ማኅበራችን በሚቀጥለው መጽሔት ያውጣው። ልጆች ሆይ፣ እናንተም ቅጽ ስትሞሉ የእናታችሁን ሥራ በስሙ ጻፉ።

እኔ በሕይወቷ ሳለች ያልጻፍኩትን ዛሬ በእናንተ ፊት እጽፋለሁ፤ የወላጅ እናት ሥራ፦ አረቄ አውጪ፤ ባለሙያ።

አሁን ብርዛችሁን አንሡ። ለእናቶቻችን፣ ላስጠጋን ሕዝብና ለማኅበራችን ዕድሜ እንጠጣ። እግዚአብሔር፣ አላህ፣ ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።