ደብተሩን ዝጋው

እሱ፦ ቃላሚኖ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የትግራይ ልማት ማኅበር ያቋቋመው ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በፈተና ተመርጠው የሚገቡ ልጆች። ለእነሱ ስለ ጥናት ምን ይነገራል?

እሷ፦ ጎበዝም እኮ ይረሳል! ደግሞ አስበው፤ በትግራይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና መጋቢት 2012 ተዘጉ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ብዙው ተማሪ ክፍል የተመለሰው በ2015 ነው።

እሱ፦ እና፣ ደጋግሞ ማንበብ ነዋ።

እሷ፦ የሚያታልለን እሱ ነው። ዓይን ለመደው ማለት ጭንቅላት ያዘው ማለት አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ፈተኑ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ገጹን ሳያዩ ያስታወሱትን ሲጽፉ የነበሩት 56 ከመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ አንባቢዎቹ 42 ላይ ቀሩ።

እሱ፦ የቆሎ ተማሪ ይህን ድሮ ያውቀዋል በይኛ! የኔታ ፊት ቆሞ በቃሉ ይወጣዋል እንጂ መጽሐፍ አይገልጥም።

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ግን ለፊዚክስ በቃል መያዝ ብቻ አይበቃም። ቀመሩን ደብተር ዘግተህ ጻፈው፣ ለምን እንደሚሠራ ለጓደኛህ አስረዳው። ስትደናቀፍ ያልገባህ ቦታ ይታወቃል። ከሁለት ቀን በኋላ ድገመው፣ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ።

እሱ፦ ለፈተና አንድ ሌሊት ብቻ የቀረውስ?

እሷ፦ እሱማ ጥቂት ጥያቄ ይሥራና ይተኛ።