ተለጥጦ የደረሰን ብርሃን
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ሌሊት ሰማዩ ጨለማ ነው እንላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሰማዩ በሙሉ ቀንም ሌሊትም ብርሃን ይልክልናል፣ ዓይናችን አያየውም እንጂ።

የዛሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዓለማችን እጅግ የታመቀችና የጋለች ነበረች። ወደ 380 ሺህ ዓመት ሲሞላት ቀዝቀዝ አለችና ብርሃን እንደ ልቡ መጓዝ ጀመረ። ያኔ ሙቀቱ 3,000 ዲግሪ ያህል ስለነበር ሁሉም ነገር እንደ ፍም ያበራ ነበር።

ታዲያ ያ ብርሃን የት ገባ? የቀሚስ ወገብ ላይ የምናስገባውን ላስቲክ እናስብ። በእስክሪብቶ ሞገድ ሥለንበት ብንስበው፣ ሞገዱም አብሮ ይለጠጣል። ብርሃንም ሞገድ ነው፤ የሚጓዝበት ጠፈር ሲሰፋ ሞገዱ ይረዝማል። በመጀመሪያ ወደ ቀይ ያደላል፣ ቀጥሎም ከዓይናችን አቅም ያልፋል። ያ ጥንታዊ ብርሃን 1,100 ጊዜ ያህል ተለጥጦ ዛሬ ማይክሮዌቭ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንቴናቸው ከየአቅጣጫው የማያቋርጥ ሹክሹክታ ያዙ። የእርግብ ኩስ ያመጣው መስሏቸው አጸዱት፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። ያ የጥንቱ ብርሃን ነበር።

ጠፈር መስፋቱስ በምን ታወቀ? ርቀትን በመለካት ነው። ለዚህ መለኪያውን ያገኘችው ሄንሪታ ሌቪት ናት። በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በሰዓት 30 ሳንቲም ገደማ እየተከፈላት የከዋክብት ፎቶዎችን ትመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912፣ ድምቀታቸው ከፍ ዝቅ የሚል አንዳንድ ከዋክብት ዑደታቸው በረዘመ መጠን ይበልጥ ደማቅ መሆናቸውን አሳየች። ኤድዊን ሃብል በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ መጠን ፈጥነው እንደሚሸሹን ያሳየው በዚሁ መለኪያ ተደግፎ ነው። እሷ ግን በ1921 አርፋ ነበርና ይህን አላየችም።

እህቶቻችን፣ ሌቪት ሥራውን የሠራችው ፎቶዎቹ እጇ ስለገቡ ነው። የእኛ ሴቶች ልጆችስ እጅ ምን ገብቷል? ስለዚህ ከወርኃዊ መዋጮአችን ጥቂቱ ለሳይንስ መጻሕፍት እንዲመደብ እንጠይቃለን። ተወያይተን ዛሬውኑ እንወስን።