የውሃ መሳቢያ ሞተር ዘይት ሲበዛበት
(በድሬዳዋ ለአትክልት ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ጊዜ ስለ ሽንኩርት ችግኝ ተነጋግረን ስንለያይ፣ ከእናንተ አንዱ ሞተሩ ሰማያዊ ጢስ እየተፋ እንዳስቸገረው ነግሮኝ ነበር። ሄጄ ባየው ሞተሩ የታመመው ዘይት ጎድሎበት ሳይሆን በዝቶበት ነው። ስለዚህ ዛሬ ዘሩንና ማዳበሪያውን ትቼ ስለዚሁ ነገር እናገራለሁ።

የእርሻ ባለሙያን ሞተር ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ በድሬዳዋ ዙሪያ ውሃችን ያለው ከመሬት ሥር መሆኑን ያስታውስ። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ እንዳየነው ሰውና ቤት ይወስዳል እንጂ አትክልት አያጠጣም። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ የሚጠጣው ከጉድጓድ ተስቦ ነውና፣ በዚህ ሙቀት ሞተሩ ጥቂት ቀን ከቆመ ማሳው ይጠወልጋል፤ የቲማቲሙም አበባ መርገፍ ይጀምራል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መሳቢያ ያላችሁ ሰዎች ይህ አይመለከታችሁም፤ ቢሆንም ጎረቤት አላችሁና አድምጡ።

ብዙ ሰው ዘይት የሞተር ቀለብ ነው፣ ቢበዛ ምን ይጎዳል ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ፒስቶኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ብረት በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞራል። ዘይቱ በልኩ ሲሆን ይህ ብረት ዘይቱን በመጠኑ ይረጨዋል፤ ሁሉም ክፍል ይለሰልሳል። በበዛ ጊዜ ግን ብረቱ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ይንጠዋል፤ ዘይቱም በቅል እንደሚናጥ ወተት አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ አየር ነውና ብረትን ከብረት አይለይም። እንግዲህ ዘይቱ ሞልቶ ሳለ ሞተሩ ዘይት እንዳጣ ሆኖ ይግላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከዚህም በላይ የተጨነቀው ዘይት መውጫ ይፈልጋል፤ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ይወጣል፣ ወይም የጎማ ማሸጊያዎቹን አልፎ ያንጠባጥባል። ወደ ማቃጠያው ክፍል የገባው ሰማያዊ ጢስ ሆኖ ይታያል፤ የቤንዚን ሞተር ከሆነም ካንዴላውን ያጠቁረዋል።

ብዛት ስል በሊትር የሚቆጠር እንዳይመስላችሁ። የጭነት መኪና ብዙ ሊትር ዘይት ስለሚይዝ ጥቂት ቢጨመርበት ላይታወቅ ይችላል። አምስት ወይም ስድስት የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን መሳቢያ ግን የሚይዘው 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም በትንሿ የቡና ሲኒ ቢለካ ስምንት ሲኒ ያህል ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሞተር አንድ ሲኒ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም።

የናፍጣ ሞተር ያላችሁ በተለይ ይህን ልብ በሉ። የናፍጣ ሞተር በካንዴላ እሳት ሳይሆን በአየሩ መጨመቅና መጋል ስለሚያቃጥል፣ ዘይቱ በአየር መግቢያው በኩል ከገባለት የራሱን ዘይት እንደ ናፍጣ አድርጎ ሊያቃጥል ይችላል። በዚያን ጊዜ ናፍጣውን ብትዘጉበትም አይቆምም፤ እየፈጠነ ይሄዳል እንጂ።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። ከሐረማያ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በመልካ ጀብዱ አጠገብ ከአንድ አትክልተኛ ዘንድ የናፍጣ መሳቢያ ልናስነሣ ሄድን። ሞተሩ በቦዩ ዳር ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ባወጣው ጫፉን ብቻ ነክቶታል። ጎድሏል አልሁና ግማሽ ሊትር ጨመርሁበት። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት እንደ ሠራ ጢሱ ማሳውን ሸፈነው፤ ድምፁም እየቀጠነ ሄደ። የናፍጣውን መዝጊያ ዘጋሁ፤ አልቆመም። ባለቤቱ ይጮሃል፣ ልጆቹ ይሸሻሉ፣ እኔም ቆሜ አያለሁ። ከባቡር ሥራ በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አዛውንት ጎረቤት ሮጠው መጡና ጠፍጣፋ ጣውላ አንሥተው የአየር መግቢያውን አፍ ግጥም አድርገው ዘጉት። ሞተሩ አየር ሲያጣ ተንፈራግጦ ቆመ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ዘይት እንደ ወጥ በጭልፋ አይጨመርም፤ ሞተሩን ሳታስተካክል ለካኸው እኮ» አሉኝ። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፣ እንዲህ ያሉ ሞተር አዋቂ ሽማግሌዎች አሉን፤ ብንጠይቃቸው ኖሮ ያ ሽንኩርት ስድስት ቀን ሳይጠጣ ባልዋለ ነበር። አትክልተኛው ከመደቡ ግማሹን ያህል አጥቷል። እኔም እስከ ዛሬ ሳገኘው አፍራለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ መግቢያውን በእጃችሁ አትዝጉ፤ ይስባችኋልና። ጨርቅም አትወርውሩበት፤ ጨርቁ ተስቦ ይገባል። ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ወፍራም ብረት ከሞተሩ አጠገብ ይኑር።

አሁን ስለ አለካኩ። ሞተሩን አጥፉና በደልዳላ መሬት ላይ አስቀምጡ፤ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ድንጋይ አስደግፉት። ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ወዲያው ብትለኩ ዘይቱ ገና በየብረቱ ላይ ስላለ የጎደለ ይመስላል። ከዚያ ዘንጉን አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና መልሳችሁ አግቡ፤ እንደገና አውጥታችሁ አንብቡ። ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ተዉት። መለኪያው ከክዳኑ ጋራ የተያያዘ ከሆነ በመጽሐፉ የተጻፈውን ተመልከቱ፤ በብዙዎቹ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ክዳኑ ሳይጠመዘዝ ነው የሚነበበው፣ በሌሎቹ ደግሞ ተጠምዝዞ ነው። መጠምዘዝ የሚገባውን ሳትጠመዝዙ ብታነቡት ዘንጉ ጠልቆ ስለማይገባ ዘይቱ የጎደለ ይመስላል፤ ትጨምራላችሁ፣ ይበዛል። ካየኋቸው ጥፋቶች ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው።

የበዛውን ለመቀነስ መካኒክ መጥራት አያስፈልግም። የዘይት መሙያው አፍ ራሱ የልኩ ምልክት የሆነላቸው ሞተሮች አሉ፤ እነዚህን በደልዳላ ቦታ አስቀምጦ ክዳኑን መክፈት ብቻ ይበቃል፣ ትርፉ ራሱ ይፈስሳል። ለሌሎቹ ከእንስሳት መድኃኒት መሸጫ የሚገኘውን ትልቅ መርፌ ያለ ሹሉ ገዝታችሁ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አስገቡበትና በመሙያው በኩል ጥቂት ጥቂት እየሳባችሁ አውጡ። ይህ መርፌ ከዚያ ወዲያ የዘይት ብቻ ይሁን፤ ወደ ከብት መመለስ የለበትም። ቱቦውን በአፍ መሳብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ያገለገለ ዘይት መርዝ ነው። መርፌ ካጣችሁ ሞተሩ ለብ ባለ ጊዜ ከሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን በመፍቻ ቀስ ብላችሁ አላልታችሁ በሣሕን ተቀበሉ፤ ከዚያ አጥብቁ። በጣም ጋለ ሳለ ከከፈታችሁት እጅ ያቃጥላል። በያንዳንዱ ሲኒ ልክ እየቀነሳችሁ እንደገና ለኩ፤ አብዝታችሁ ብታወጡም ሌላ ጥፋት ነው።

ልኩ ሲደርስ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። ስፖንጅ ከሆነና ዘይት ከጠጣ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ የወረቀት ከሆነ ይለወጥ። ከዚያ ሞተሩን ሦስት ደቂቃ ያህል አሠርታችሁ አጥፉና ደግማችሁ ለኩ። ጥቂት ጢስ ለጊዜው ቢኖር አትደንግጡ፤ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ሲያልቅ ይጠፋል። የማስነሻው ገመድ አልሳብ ካለ ግን አታስገድዱት፤ ዘይት ከፒስቶኑ በላይ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላውን ፈትታችሁ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ፣ እሳትም በአጠገቡ ሳይኖር ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡት።

እናንተ ሳትጨምሩ ዘይቱ በራሱ ከፍ ካለስ? ይህ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ቀንሶ ማስነሣት አይበቃም። ከዘንጉ ላይ አሽትቱት። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ከሸተተ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። በቤንዚን ሞተር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሞተሩ ሲቆም የነዳጁ መዝጊያ ክፍት ስለሚተው፣ ካርቡራተሩም አልይዝ ስለሚል ነው። እንደ ወተት ነጣ ካለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። በሁለቱም ሞተሩ እንዳይነሣ፤ ምክንያቱ ተገኝቶ ይጠገን፣ ዘይቱም በሙሉ ይለወጥ። ይህኛው የመካኒክ ሥራ ነው።

ያወጣችሁትን ዘይት በደቻቱ አሸዋ ወይም በጉድጓዱ አጠገብ አትድፉት። የከተማው ሰው የሚጠጣው ከዚሁ መሬት ሥር ነው። እከክ ያድናል ብሎ ለፍየልና ለግመል የሚቀባም አይቻለሁ፤ ቆዳውን ያቆስላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል፤ ለእከኩ የእንስሳት ሐኪም አለለት። ዘይቱን ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅማችሁ ለጋራዥ ስጡ።

የልማት ሠራተኞች ይህን በኦሮምኛና በሶማልኛ ስትነግሩ በቃል ብቻ አትተዉት፤ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ዘንጉ ተጠምዝዞ እንደሚነበብ ወይም ሳይጠመዘዝ እንደሆነ በቀለም ጻፉበት። መርፌውንና ቱቦውን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከውጭ የቆመው መሳቢያም የተዘጋጀው ለዚሁ ነውና፣ መጀመሪያ ለመለካት የሚፈልግ ይቅረብ።