ወድቆ የተገኘ ገንዘብና የወንጀል ልብ ወለድ
(በአምቦ በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ምሽት የቀረበ ንግግር)



ስለ ወንጀል ልብ ወለድ እንደምናገር ሲነገር ከመካከላችሁ አንዳንዶች ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከፈተና በኋላ ተጋድመው የሚያነቡት እንጂ በጉባኤ የሚነገርለት አይደለም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን አንዱን ዓይነት፤ ይኸውም ችግር ያደቀቃቸው ሰዎች የተሰረቀ ገንዘብ የሚያገኙበትን ታሪክ፤ ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አሜሪካዊው ስኮት ስሚዝ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ሁለት ወንድማማቾችና አንድ ጓደኛቸው በበረዶ መካከል ከወደቀ አውሮፕላን ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ያገኛሉ። ባለቤት ነኝ ባይ እስኪጠፋ ሳንነካው እናቆየው ብለው ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ደም የሚያፋስሳቸው ምስጢሩ እንዳይወጣ መፍራታቸውና እርስ በርስ መጠራጠራቸው ነው።

ታሪኩን ወደ እኛ እናምጣው። ሻንጣው በጉደር ወንዝ ዳር ተገኘ፤ ያገኙትም ከሩቅ አገር መጥተው አምቦ ላይ በቀን ሥራ የሚያድሩ ሦስት ሰዎች ናቸው እንበል። ብሩን ምን ያደርጉታል? አንደኛው የስድስት ወር የቤት ኪራይ አስቀድሞ ቢከፍል በማግስቱ ቡና ላይ ጎረቤቱ ሁሉ መርማሪ ሆኖ ይቀመጣል። «እቁብ ደረሰኝ» ይላል። መልካም ውሸት ነው። ዳሩ ግን እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣውም የሚወጣው በሰው ፊት ነው። እንግዲህ በአገራችን እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሽጉጥ ከመፈለጉ በፊት የእቁቡን ደብተር ያስብ።

አሁን ወደ እውነተኛው ነገር ልምጣ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሁለቱም በገቡበት ሳምንት። በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያድስ በተፈጠረ ስሕተት ሰው በሒሳቡ ካለው በላይ ማውጣትና ማዛወር ቻለ። ወሬው ብዙም ሳይቆይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዳረሰ፤ በኤቲኤሙም ፊት ተማሪ ተሰለፈ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ይህ ሰልፍ ነው። ሌባ ተራ ይጠብቃልን? ልጆቹ በገዛ ካርዳቸውና በገዛ ስማቸው፤ የተኛ ጓደኛቸውን ቀስቅሰው፤ ነው ያወጡት። በአሜሪካዊው መጽሐፍ ሰውን የሚያጠፋው ምስጢር ነው፤ እዚህ ግን ምስጢር የሚባል ነገር ከቶ አልነበረም።

ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደ ተወሰደበት አስታወቀ። በፈቃዱ የመለሰ አይከሰስም ተባለ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ አብዛኛውም ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱት ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ስም ይፋ ወጣ፤ ፎቶግራፋቸውም በቅርንጫፎች ደጃፍ ተለጠፈ። የወሰዱት ንጹሓን ናቸው አልልም፤ ብሩ የራሱ አለመሆኑን ያልተረዳ ተማሪ ነበር ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ የባንኩ ስሕተት «ሲስተም» ተብሎ ሲታለፍ የልጁ ስሕተት ግን ፎቶግራፍ ነበረው።

ልብ ወለዱን እኔ ብጽፈው ከሌሊቱ አልጀምርም፤ ከቅዳሜ ጧት እጀምራለሁ። ከጌዶ የመጣ አንድ ልጅ በሌሊት ለእናቱ ዐሥር ሺሕ ብር ልኳል። እናቲቱ ደስ ብሏት ብድሯን ልትከፍል ማልዳ ወጥታለች። ልጁ ስልኩን ይዞ የሁሉቃ ድልድይ ላይ ቆሟል። «ገንዘቡን መልሺ» ብሎ እናትን ማዘዝ ከየት ይጀመራል? ደግሞስ ከየት አመጣኸው ብላ ብትጠይቀው? ስልኩ ይጠራል፤ አታነሣም።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ምዕራፍ የሚጽፍ ከእናንተ መካከል ካለ ለጋዜጣችን አዘጋጅ ያስረክብ፤ ወረቀት እንደሆነ አይጠፋም።