የግል ረዳት ስለ መቅጠር
ለመታጠብ፣ ለመልበስና ለመመገብ የሌላውን እጅ የሚሻ ሰው፣ ሥጋው ቢደክምም ፈቃዱና ክብሩ ምሉእ ስለ ሆነ፣ ረዳቱን ራሱ መርምሮ እንዲመርጥና ራሱ እንዲያዝ ማድረግ ከምጽዋት ሳይሆን ከፍትሕ የሚቈጠር ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቹ ኤድ ሮበርትስና ባልንጀሮቹ በ1972 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ባቋቋሙት ማእከል ይህንን በግብር ገልጠውታል፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ19ኛው አንቀጽ የግል ረዳት አገልግሎትን ይጠቅሳል። ስለዚህ ቀጣሪው አስቀድሞ የዕለቱን ሥራ ከማለዳ እስከ መኝታ በዝርዝር ይጻፍ፤ እጩውን ከዚህ ቀደም ያሠሩትን ይጠይቅ፤ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር እንዴት እንደሚያሻግረው ያሳየው፤ ደመወዙን፣ የዕረፍቱን ቀንና የቤቱን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታውን በውል ያስፍር፤ ረዳቱ ቢታመም የሚተካውንም ያሰናዳ። ተረጂውም ረዳቱም በአርአያ ሥላሴ የተፈጠሩ ክቡራን ናቸውና፣ ቃላቸውን በእውነት ሊጠብቁ ይገባል።